የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የበላይ አመራር ክፍያና የፋይናንስ ግልጽነት፡ ከአርባ ምንጭ አንጻር

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያገለግል ፕሬዚዳንት ወይም ምክትል ፕሬዚዳንት ከሕዝብ ገንዘብ ምን ያህል ይከፈለዋል? ክፍያውን የሚወስነው፣ የሚመዘግበውና የሚቆጣጠረውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በየበጀት ዓመቱ መዝጊያ በፋይናንስና በኦዲት ባለሙያዎች መካከል ይነሳሉ። ይሁን እንጂ ለዩኒቨርሲቲው ሠራተኛም ሆነ ለአካባቢው ኅብረተሰብ የተሟላ ምላሽ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚገኝበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲን እንደ መነሻ በመውሰድ ጉዳዩን የሚገዙትን ሕጎች፣ የተቆጣጣሪ አካላትን ድርሻና የሌሎች ሀገሮችን ልምድ በአጭሩ ያቀርባል።

ከኢንስቲትዩት ወደ ምርምር ዩኒቨርሲቲ

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ መነሻው በ1979 ዓ.ም የተቋቋመው የአርባ ምንጭ ውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ ለሀገሪቱ የመስኖ፣ የመጠጥ ውኃና የኃይል ማመንጫ ሥራዎች መሐንዲሶችን ሲያፈራ ከቆየ በኋላ በ1996 ዓ.ም ወደ ዩኒቨርሲቲነት አድጓል። ዛሬ ከዋናው ግቢ በተጨማሪ የአባያ፣ የጫሞ፣ የኩልፎና የነጭ ሳር ግቢዎች ሲኖሩት፣ በጎፋ ዞን ሳውላ ከተማ የሚገኘው ግቢም የእርሱ አካል ነው። የትምህርት ተቋማት በተልዕኮ ሲለዩም ምርምር ላይ ያተኮሩ ዩኒቨርሲቲዎች ተብለው ከተመደቡት ስምንት ተቋማት አንዱ ሆኗል።

አንድ ኢንስቲትዩት በዚህ መጠን ሲሰፋ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብም አብሮ ይሰፋል። ግቢዎች፣ ሆስፒታልና ቤተ ሙከራዎች፣ የተማሪዎች ምግብ ቤቶች፣ የግንባታ ውሎችና የምርምር ፕሮጀክቶች ሁሉ በአንድ የበላይ አመራር ፊርማ ሥር ይወድቃሉ። ስለሆነም የአመራሩ ክፍያ በምን ሁኔታ እንደሚወሰን መጠየቅ የአንድን ግለሰብ ኪስ መቁጠር ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ፈራሚው ራሱ ተጠቃሚ በሚሆንበት ጊዜ ቁጥጥሩ በማን እጅ እንዳለ የማጣራት ጉዳይ ነው።

ዩኒቨርሲቲው የሚጠየቀው ለማን ነው?

በዞንና በወረዳ የሥራ ኃላፊዎች ዘንድ አንዳንድ ጊዜ የሚያደናግረው ጉዳይ የሥልጣን ወሰን ነው። የጋሞ ዞን ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ የዞኑና የወረዳዎቹ ሒሳብ በክልሉ የፋይናንስና የኦዲት አካላት ይመረመራል። በአርባ ምንጭ ከተማ የሚገኙት የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኮሌጅም የክልል ተቋማት ናቸው። በአንጻሩ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል መንግሥት ተቋም ነው። በጀቱ የሚጸድቀው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሒሳቡ የሚመረመረው በፌዴራል ዋና ኦዲተር፣ ሥራው የሚመራው በሥራ አመራር ቦርድ ሲሆን፣ ተጠሪነቱ ለትምህርት ሚኒስቴር ነው። የከፍተኛ ትምህርት ዘርፍ ከ2011 እስከ 2014 ዓ.ም መጀመሪያ ድረስ በሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም በተደረገው የአስፈጻሚ አካላት አደረጃጀት ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመልሷል።

የተቋማቱን ውስጣዊ አስተዳደር የሚወስነው ሕግ ሁለት ጊዜ ተተክቷል። የመጀመሪያው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 650/2001 ተተካ፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 1152/2011 ተተክቷል። በእነዚህ ሕጎች መሠረት ፕሬዚዳንቱ የተቋሙ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነው። ቦርዱ ደግሞ ዕቅድና በጀትን መርምሮ አስተያየትና ውሳኔ የሚሰጥ የበላይ አካል ነው። ቦርዱ ጠንካራ በሆነበት ተቋም አመራሩ ራሱን በራሱ የሚሸልምበት ዕድል ይጠብባል። ቦርዱ የቀረበለትን ሁሉ የሚያጸድቅ ከሆነ ግን የሕጉ ጥንቃቄ ከወረቀት አያልፍም።

የገንዘቡ ምንጮች

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገንዘብ በአራት መንገዶች ይመጣል። አንደኛው ከፌዴራል ግምጃ ቤት የሚመደበው የመደበኛና የካፒታል በጀት ነው። ሁለተኛው ተቋሙ በራሱ የሚያገኘው የውስጥ ገቢ ሲሆን፣ ከማታና ከተከታታይ ትምህርት፣ ከማማከር፣ ከሥልጠና፣ ከሕክምና አገልግሎትና ከመሳሰሉት ይሰበሰባል። ሦስተኛው ከአጋር ተቋማት የሚገኝ የፕሮጀክት ገንዘብ ነው፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከቤልጅየም የፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያለው የረጅም ጊዜ ትብብር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አራተኛው በደንብ ቁጥር 91/1995 የተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓት ሲሆን፣ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ከገቢው የሚከፍለው ነው።

ከግልጽነት አኳያ እነዚህ ምንጮች እኩል አይደሉም። ከግምጃ ቤት የሚወጣው ገንዘብ በጸደቀ የበጀት ርዕስና የሒሳብ መደብ የተያዘ በመሆኑ ዱካው በቀላሉ ይገኛል። የውስጥ ገቢና የፕሮጀክት ገንዘብ ግን በርካታ የክፍያ ዓይነቶች የሚስተናገዱባቸውና በውስጥ መመሪያ የሚመሩ በመሆናቸው ልዩ ክትትል ይሻሉ።

የአመራር ክፍያ ምንን ያካትታል?

ስለ ክፍያ ሲነገር አብዛኛው ሰው የሚያስበው የወር ደመወዝን ነው። በእርግጥም መነሻ ደመወዝ እምብዛም ምስጢር አይደለም፤ የመምህራንና የአመራር ደመወዝ በመንግሥት በሚወጣ ስኬል ይወሰናል። ጥያቄ የሚያስነሳው በደመወዙ ላይ የሚደረበው ነው። ይህም በጥቅሉ እንደሚከተለው ይከፈላል፦

1ኛ. ከኃላፊነቱ ጋር የተያያዙ አበሎች፣ ማለትም የኃላፊነት፣ የቤት፣ የትራንስፖርትና የስልክ አበል፤

2ኛ. በዓይነት የሚሰጡ ጥቅሞች፣ ማለትም መኖሪያ ቤት፣ ተሽከርካሪ፣ ነዳጅና ሾፌር፤

3ኛ. የውሎ አበልና የሀገር ውስጥና የውጭ ጉዞ ወጪዎች፤

4ኛ. በተጨማሪ ሥራ ስም የሚፈጸሙ ክፍያዎች፣ ማለትም የትርፍ ሰዓት ማስተማር፣ የማታና የክረምት ትምህርት፣ የኮሚቴ፣ የማማከርና የፕሮጀክት ማስተባበሪያ ክፍያ።

ከእነዚህ መካከል አንደኛውና ሁለተኛው በመመሪያ የታወቁ ሲሆኑ፣ ሦስተኛውና አራተኛው እንደየሁኔታው ይለዋወጣሉ። አንድ ኃላፊ ሙሉ ጊዜውን ለአመራር ሥራ እንዲያውል ከተሾመ በኋላ በመደበኛ የሥራ ሰዓት ለተሠራ ሥራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሊወስድ ይገባዋልን? ራሱ ባቋቋመው ኮሚቴ ውስጥ ሰብሳቢ ሆኖ አበል ቢቀበል ክፍያውን ማን ያጸድቅለታል? የአመራር ክፍያ ጥያቄ በኢትዮጵያ ሁኔታ ክብደት የሚያገኘው በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። ስለሆነም መነሻ ደመወዝን ብቻ የሚያሳይ መግለጫ እውነት ቢሆንም እንኳ የተሟላ አይሆንም።

በደመወዝ እርከኖች መካከል ያለው ርቀት

የክፍያ ፍትሐዊነት ከሚመዘንባቸው መንገዶች አንዱ ከፍተኛው ተከፋይ ከዝቅተኛው ስንት እጥፍ እንደሚያገኝ ማስላት ነው። የፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ስኬል ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በ2017 ዓ.ም ከተደረገው ማሻሻያ በፊት ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,100 ብር፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር፤ ልዩነቱ ከ18 እጥፍ በላይ ነው። በ2017 ዓ.ም ዝቅተኛው ወደ 4,760 ብር፣ ከፍተኛው ወደ 21,492 ብር ሲያድግ ልዩነቱ ወደ 4 ነጥብ 5 እጥፍ ወረደ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም ጀምሮ በተግባር የዋለው ማሻሻያ ደግሞ ዝቅተኛውን 6,000 ብር፣ ከፍተኛውን 39,000 ብር በማድረጉ ልዩነቱ 6 ነጥብ 5 እጥፍ ሆኗል።

የዩኒቨርሲቲ መምህራን የራሳቸው ስኬል ያላቸው በመሆኑ እነዚህ አኃዞች ለአካዳሚክ አመራሩ በቀጥታ የሚሠሩ አይደሉም። ሆኖም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሠሩት የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የምግብ ቤትና የጽሕፈት ሠራተኞች የሚከፈላቸው በሲቪል ሰርቪሱ ስኬል ነው። ስሌቱ በመነሻ ደመወዝ ብቻ ሲሠራ ርቀቱ ጠባብ መስሎ ይታያል። አበልና ተጨማሪ ክፍያ ሲደመርበት ግን ትክክለኛው ሥዕል ሌላ ሊሆን ይችላል። ርቀቱን በማስረጃ ማስቀመጥ የሚቻለው አጠቃላይ ክፍያው ይፋ ሲሆን ነው።

ይህ በተማሪው ሕይወት ላይ ያለው ትርጉምም ቀላል አይደለም። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ገንዘብ ለዓመታት ከቆየበት 22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም ነው። ምደባው ከመሻሻሉ በፊት በነበሩት ዓመታት የዋጋ ንረትን ተቋቁሞ ምግብ ቤቱን ማስቀጠል ለየተቋሙ ከባድ ፈተና እንደነበር ማንም የዘርፉ ሠራተኛ ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ የሀብት ውስንነት ውስጥ አንድ ሺህ ብር ለአላስፈላጊ አበል ሲወጣ ምን ያህል የተማሪ ምሳ እንደሚታጎል ማስላት አስቸጋሪ አይሆንም።

ሕጉ ስለ ግልጽነት ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበትና ማንኛውም ኃላፊ ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይህን መርሕ የሚያስፈጽሙ ዋና ዋና ሕጎች የሚከተሉት ናቸው።

የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 በመሥሪያ ቤቱ ለሚፈጸም ማንኛውም ክፍያ የበላይ ኃላፊውን ኃላፊነት ያስቀምጣል፤ የውስጥ ኦዲት ሥራም በአግባቡ እንዲደራጅ ያዛል። የግዥና የንብረት ጉዳይ ለረጅም ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ሲመራ ቆይቶ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል።

የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃንን የሚመለከተው ክፍል በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 ቢተካም መረጃ የማግኘት መብትን የሚመለከተው ክፍል እንደጸና ነው። የመንግሥት አካል የቀረበለትን ጥያቄ በ30 ቀናት ውስጥ መመለስ ይጠበቅበታል። የሕጉን አፈጻጸም የሚከታተለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

ሀብትን የማሳወቅና የማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ደግሞ ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በሕጉ የተመለከቱ ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት በፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን እንዲያስመዘግቡ፣ ምዝገባውንም በየጊዜው እንዲያድሱ ያስገድዳል።

«የኃላፊው ደመወዝ የግል ምስጢሩ ነው» የሚል መከራከሪያ አልፎ አልፎ ይሰማል። የሰው የግል ሕይወት ሊጠበቅ እንደሚገባ አያከራክርም። ይሁን እንጂ የሹመቱ ክፍያ ከሕዝብ ግምጃ ቤት ለሥልጣኑ የሚከፈል እንጂ ከግለሰቡ ጋር የተወለደ አይደለም። የባንክ ሒሳቡ ቀሪ ገንዘብ፣ የብድሩና የቤተሰቡ ጉዳይ የግል ሊሆን ይችላል፤ ሹመቱ የሚያስገኘው ደመወዝና አበል ግን የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ አካል ነው።

የኦዲትና የምክር ቤት ቁጥጥር

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ዋናው ኦዲተር በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚሾም ሲሆን፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ሒሳብ መርምሮ ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። የመሥሪያ ቤቱ ሥልጣንና ተግባር በአዋጅ ቁጥር 982/2008 ተዘርዝሯል። ምክር ቤቱም የኦዲት ግኝቶችን የሚከታተል የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው የተቋማትን አመራሮች ጠርቶ በይፋዊ መድረክ ማብራሪያ ይጠይቃል፤ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎችም በዚህ መድረክ ቀርበዋል።

የዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርቶች ስለ ዩኒቨርሲቲዎች በተደጋጋሚ የሚያነሷቸው ጉዳዮች ይመሳሰላሉ። ከመመሪያ ውጭ የተፈጸሙ ክፍያዎች፣ የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበላቸው ወጪዎች፣ በወቅቱ ያልተወራረዱ ተሰብሳቢ ሒሳቦችና የግዥ ሕግን ያልተከተሉ ግዥዎች ዋናዎቹ ናቸው።

ሪፖርቱን ለሚያነብ የመንግሥት ሠራተኛ የኦዲት አስተያየት ዓይነቶችን መለየት ይጠቅማል። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ሒሳቡ በትክክል መቅረቡን ያመለክታል። «ከተገለጹት ጉድለቶች በስተቀር አጥጋቢ» የሚለው ጉድለቱ የተወሰነ መሆኑን ያሳያል። ተቀባይነት የሌለው የሚለው ሒሳቡ እውነተኛውን ሁኔታ አያሳይም ማለት ነው። አስተያየት ለመስጠት ያልተቻለበት የሚባለው ደግሞ ኦዲተሩ በቂ ማስረጃ አለማግኘቱን ይገልጻል። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት ክፍያው ተገቢ ነው ለማለት የሚያበቃ አለመሆኑ ነው። ኦዲተሩ ሒሳቡ በትክክል መመዝገቡንና ሕግ መጠበቁን ሊያረጋግጥ ይችላል፤ አበሉ ከመጀመሪያውም ያስፈልግ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን የቦርዱና የሕዝቡ ነው።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የባዝ ዩኒቨርሲቲ የበላይ ኃላፊ ዓመታዊ ክፍያ እ.ኤ.አ በ2017 468,000 ፓውንድ መድረሱ፣ ኃላፊዋም ክፍያ በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ አባል መሆናቸው በሀገሪቱ ከፍተኛ ክርክር አስነስቶ ከኃላፊነት እንደሚለቁ ለማስታወቅ ተገደዋል። ከዚያ በኋላ ሥራ የጀመረው የከፍተኛ ትምህርት ተቆጣጣሪ አካል ዩኒቨርሲቲዎች የበላይ ኃላፊያቸውን ሙሉ ክፍያ ከነምክንያቱ፣ እንዲሁም ክፍያው ከሠራተኛው መካከለኛ ክፍያ ስንት እጥፍ እንደሆነ በየዓመቱ እንዲያሳትሙ አስገድዷል።

በሕንድ እ.ኤ.አ በ2005 የወጣው የመረጃ ማግኘት መብት ሕግ እያንዳንዱ የመንግሥት አካል የኃላፊዎቹንና የሠራተኞቹን ወርኃዊ ክፍያ ሳይጠየቅ እንዲያሳትም ያዛል። በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የከፍተኛ አመራሮቻቸውን ክፍያ በዓመታዊ ሪፖርታቸው ያካትታሉ። በኬንያ ደግሞ የ2010ሩ ሕገ መንግሥት የመንግሥት ሹማምንትን ክፍያ የሚወስን ነፃ ኮሚሽን አቋቁሟል። ከእነዚህ ልምዶች የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። ማንም ኃላፊ የራሱን ክፍያ በሚወስን ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ አይገባም፤ የሚወሰነውም ክፍያ ከነጥቅማ ጥቅሙ በአንድ ገጽ ሊታተም ይገባል።

ራስ ገዝነትና የሚያስከትለው ኃላፊነት

ጉዳዩ አሁን አጣዳፊ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች በአካዳሚያዊ፣ በአስተዳደርና በፋይናንስ ጉዳዮች ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ተዘርግቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ተቋም ሆኗል። ነባር የምርምር ዩኒቨርሲቲዎችም በሂደት በዚሁ መንገድ እንዲጓዙ የታሰበ ነው።

ራስ ገዝነት ዩኒቨርሲቲው ብቃት ያላቸውን ምሁራን በተሻለ ክፍያ እንዲስብና ገቢውን እንዲያሰፋ ዕድል ይሰጣል። የተሻለ ክፍያም በራሱ ነውር አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችና ሠራተኞች ያሉበትን ተቋም የሚመራ ሰው ተመጣጣኝ ክፍያ ካላገኘ ችሎታ ያለው ሰው ወደ ኃላፊነቱ አይመጣም፤ የመጣውም በጎን ክፍያ ለመደጎም ይገፋፋል። ነገር ግን ክፍያን የመወሰን ሥልጣን ከመንግሥት ስኬል ወደ ተቋሙ ሲቀርብ የግልጽነት ግዴታው በዚያው ልክ ሊጠብቅ ይገባል። ስኬሉ ይሰጥ የነበረው ጥበቃ ሲነሳ የሚተካው ሕዝብ የሚያየው ሒሳብ ነው።

ከወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚገኝ ትምህርት

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ በተካሄደው የመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም በመላ ሀገሪቱ የሚገኙ ወረዳዎች በጀታቸውንና ወጪያቸውን ለማንኛውም አንባቢ በሚገባ ቀላል ቅጽ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጥፉ ተደርጓል። ሰሌዳው በወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ የቆመ ተራ ጣውላ ቢሆንም ለጤና ጣቢያ ስንት እንደተመደበና ስንቱ እንደወጣ አርሶ አደሩ አንብቦ እንዲጠይቅ አስችሏል። ይህ ከወረዳ የሚጠበቅ ከሆነ የላቀ የሰው ኃይልና የመረጃ ቴክኖሎጂ ካለው ዩኒቨርሲቲ የማይጠበቅበት ምክንያት አይኖርም።

በጋሞ ብሔረሰብ ዘንድም የጋራ ጉዳይ በአደባባይ የመምከር ጥንታዊ ሥርዓት አለ። ማኅበረሰቡ በዱቡሻ ተሰብስቦ ይመክራል፣ ይወቅሳል፣ ያስታርቃል። በዱቡሻ የተነሳ ጉዳይ በስውር አይዘጋም። የዘመናዊው ተቋም ዓመታዊ ሪፖርትና የኦዲት መድረክም በመሠረቱ ይህንኑ ተግባር የሚፈጽሙ ናቸው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘሩት ሕጎች መረዳት እንደሚቻለው የአመራር ክፍያን ግልጽ ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። ቦርዱ የአመራሩን አጠቃላይ ክፍያ፣ ማለትም ደመወዝ፣ አበል፣ የዓይነት ጥቅም፣ የጉዞ ወጪና ተጨማሪ ክፍያ በአንድ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ እንዲቀርብለትና እንዲታተም ሊወስን ይችላል። የውስጥ ኦዲት ክፍሉ አመራሩ ራሱ ያጸደቃቸውንና ራሱ የተቀበላቸውን ክፍያዎች ለይቶ ለቦርዱ ሊያሳውቅ ይችላል። የፋይናንስ ባለሙያው መመሪያ የሌለው ክፍያ ሲታዘዝ ትእዛዙን በጽሑፍ መጠየቅ ይኖርበታል። የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉም የመረጃ ጥያቄን በ30 ቀናት ውስጥ የመመለስ ግዴታ አለበት።

የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውኃን ፍሰት የሚለኩ ባለሙያዎችን ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል ሲያሠለጥን ቆይቷል። ውኃ ከምንጩ እስከ ማሳው በየት በየት እንደሚባክን የሚያውቁት የሚለኩት ናቸው። የሕዝብ ገንዘብም እንዲሁ ከግምጃ ቤት ወጥቶ የታሰበለት ተማሪ ዘንድ መድረሱ የሚታወቀው በየመንገዱ ሲለካና ልኬቱ ለሁሉም ሲታይ ነው።